የውድድር ሞተር በአሮጌ መጋዝ ላይ፦ ኃይሉ ለማን ነው?

ሙከራው በአጭሩ እንዲህ ነው። ከ50 ወይም ከ60 ዓመት በፊት የተሠራ ከባድ የሞተር መጋዝ ይወሰዳል፤ የራሱ ሞተር ይወጣና በምትኩ ጎካርት ለሚባለው ትንሽ የውድድር መኪና የተሠራ ባለሁለት ምት ሞተር ይገጠምበታል። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ በትርፍ ጊዜያቸው ከብረት ጋር የሚታገሉ ሰዎች ይህን ያደርጋሉ፤ በእንጨት ቆረጣ ውድድሮች ላይ ግንድን በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ሦስት ጊዜ የሚቆራርጡት ልዩ መጋዞችም የዚሁ አስተሳሰብ ውጤቶች ናቸው። እንዲህ ያለ ሐሳብ በምህንድስና ተማሪዎች መካከል ሲነሣ የሚሰማው መልስ ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ «የልጆች ጨዋታ» ተብሎ ይናቃል፣ ወይ ደግሞ «እኛም መሥራት ያለብን ይህን ነው» ተብሎ ያለ ጥያቄ ይደነቃል። የዚህ ጽሑፍ አቋም ሁለቱም መልሶች ቁም ነገሩን ስተውታል የሚል ነው። ሞተርን ከአንድ ማሽን ወደ ሌላ ማዛወር ለድኅረ ምረቃ ጥናት የሚበቃ ሥራ ነው፤ ውጤቱ ግን በገረሴ ዳገት ላይ በሰው እጅ የሚያዝ መሣሪያ ሊሆን አይገባም።

ታሪኩ ራሱ የራሱ ምፀት አለው። የካርት ሞተር ወደ መጋዝ ሲገባ እንግዳ ቤት አይገባም፤ ወደ ተወለደበት ይመለሳል። የመጀመሪያውን ካርት እ.ኤ.አ. በ1956 በካሊፎርኒያ የሠራው አርት ኢንግልስ የተጠቀመው ለሣር ማጨጃ የተሠራ ሞተር ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1959፣ ማኩሎክ የተባለው መጋዝ አምራች የራሱን የመጋዝ ሞተር አሻሽሎ ኤምሲ-10 በሚል ስም አወጣ፤ በፋብሪካ ደረጃ ለካርት ተብሎ የቀረበ የመጀመሪያው ሞተር ይኸው ነው። ካርቡራቶሩም እንዲሁ ተሰደደ። መጋዝ ተጋድሞም ተገልብጦም መሥራት ስላለበት ነዳጁን በተንሳፋፊ ሳይሆን በስስ ተጣጣፊ ሽፋን የሚቆጣጠር ካርቡራቶር ያስፈልገዋል፤ ቲሎትሰን የተባለው ድርጅት ለመጋዝ ያወጣው ይኸው ዓይነት በየመታጠፊያው ለሚንገጫገጨው ካርትም ተስማማ። በነገራችን ላይ የድርጅቱ ባለቤት ሮበርት ማኩሎክ እ.ኤ.አ. በ1968 የለንደንን ድልድይ ገዝቶ፣ ድንጋዩን ቁጥር እየሰጠ ወደ አሪዞና በረሃ ያዛወረ ሰው ነው። ማዛወር ከደሙ የተዋሐደ ነበር ብንል አያስነቅፍም።

ለእኛም ቢሆን ማዛወር እንግዳ አይደለም። ከኩሽኔታና ከጣውላ ጋሪ ሠርቶ ቁልቁለት ላይ ያልተንሸራተተ የከተማ ልጅ ጥቂት ነው፤ ያ ጋሪ ሞተር የጎደለው ካርት እንጂ ሌላ ምንድን ነው? ጋራዦቻችን የአንዱን ተሽከርካሪ ካምቢዮ ለሌላው የሚያስማሙ፣ የተሰበረ የሞተር አካል በብየዳና በቶርኖ መልሰው የሚያቆሙ ናቸው። ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ቢየላ፣ ፋሻ፣ ማርሚታ፣ ጓርኒሲዮን የሚሉት ቃላት ከጣሊያንኛ መጥተው አማርኛ ሆነው የቀሩት በትምህርት ቤት ሳይሆን በእነዚሁ ጋራዦች ነው። ይህ የዕውቀት ክምችት ግን በመመረቂያ ጽሑፎቻችን ውስጥ እምብዛም አይታይም። ጥናቶቻችን በኮምፒዩተር ላይ ተጀምረው በኮምፒዩተር ላይ ያልቃሉ፤ ቁጥሮቹ ንጹሕ ናቸው፣ እጃችንም እንዲሁ ንጹሕ ነው። ስለዚህ አንድ ተማሪ ሞተር አውጥቶ ሞተር እገጥማለሁ ሲል «ይህ የመካኒክ ሥራ ነው» ብሎ መመለስ ተገቢ አይመስለኝም። የሚከተሉት አንቀጾች እንደሚያሳዩት በዚህ ሥራ ውስጥ ያሉት ጥያቄዎች የፈሳሾች እንቅስቃሴን፣ የሙቀት ሽግግርን፣ የንዝረትንና የሥራ ላይ ጤንነትን ትምህርት በአንድ ጊዜ የሚፈትኑ ናቸው።

ከቅዝቃዜ እንጀምር፤ ሙከራው ብዙ ጊዜ የሚከሽፈው እዚህ ላይ ነውና። አየር የሚያቀዘቅዘው የካርት ሞተር የተሠራው ነፋስ ፊት ለፊት እንዲመታው ነው። ካርቱ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ሲበር በሲሊንደሩ ክንፎች መካከል በሰከንድ 22 ሜትር የሚጓዝ አየር ያልፋል። መጋዝ ግን ቆሞ የሚሠራ ማሽን ነው፤ አየሩን የሚያገኘው በቮላኖው ላይ ካሉት መቅዘፊያዎችና ዙሪያውን ከሚሸፍነው ቆርቆሮ ነው። እንደ ያማሃ ኬቲ100 ያለ 97.6 ሲሲ የካርት ሞተር ወደ 15 የፈረስ ጉልበት ይሰጣል፤ ከዚህ ጉልበት ጋር የሚቀራረብ ሙቀት ደግሞ በክንፎቹ በኩል መውጣት አለበት። ሞተሩን ብቻ አውጥቶ በመጋዙ አካል ላይ የሚያስር ሰው ይህን አየር ከየት እንደሚያመጣ ካላሰበ፣ ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ጋር ተናክሶ እስኪቀር ድረስ ያለው ጊዜ በደቂቃ የሚቆጠር ነው።

የሚዞርበት አቅጣጫም አለ። የመግቢያና የመውጫ ቀዳዳዎቹን ፒስተኑ ራሱ የሚከፍትና የሚዘጋ ሞተር በሁለቱም አቅጣጫ ሊዞር ይችላል፤ የእሳት ብልጭታውን ጊዜ ማስተካከል ይበቃዋል። በሚሽከረከር ዲስክ የሚተነፍሰው ዓይነት ግን ይህን አይፈቅድም። እንዲሁም አሮጌዎቹ የካርት ሞተሮች ፍሪሲዮን የላቸውም፤ ሞተሩ ከተነሣ መንኰራኩሩም ተነሣ ማለት ነው። በመጋዝ ላይ ይህ ሲተረጐም ሞተሩ ከተነሣበት ቅጽበት ጀምሮ ሰንሰለቱ ይሮጣል። የመጋዙን የራሱን ፍሪሲዮን ማስቀረት ይቻላል፤ ይሁን እንጂ እርሱ የተሠራው ለአሮጌው ሞተር ፍጥነት ነው፤ ከመሀል ወደ ውጭ የሚገፋው ኃይል ደግሞ በፍጥነቱ ስኩዌር ልክ ያድጋል።

አሁን ወደ ሰንሰለቱ። ስምንተኛው ሦስት ኢንች በሚባለው የተለመደ ሰንሰለትና ባለ 7 ጥርስ ማርሽ፣ ሞተሩ አንድ ጊዜ ሲዞር ሰንሰለቱ 133 ሚሊ ሜትር ገደማ ይጓዛል። በደቂቃ 9,000 ዙር ላይ ይህ በሰከንድ 20 ሜትር ነው፤ ለቆረጣ በቂና የተለመደ ፍጥነት። የውድድር ሞተር ግን ጉልበቱን የሚሰጠው ከዚያ በላይ ነው። በ16,000 ዙር ሰንሰለቱ በሰከንድ ወደ 36 ሜትር ይደርሳል፤ በእያንዳንዱ ጥርስ ውስጥ የተከማቸውም ጉልበት ከሦስት እጥፍ በላይ ይሆናል። የሰንሰለቱ አንድ መያዣ ቢበጠስ ወይም የመጋዙ አፍንጫ ግንድ ነክቶ ወደ ባለቤቱ ፊት ቢዘል፣ ልዩነቱ የቁጥር ብቻ አይደለም። ከ1960ዎቹ በፊት የተሠሩ መጋዞች ደግሞ በዛሬዎቹ ላይ ያለው የሰንሰለት ፍሬን የላቸውም።

ሰንሰለትን በትንሽ ማርሽ ማዘግየት ይቻላል የሚል አንባቢ ይኖራል። ልክ ነው። የሚቀረው ግን የጉልበቱ ጠባይ ነው። ዋልተር ካዴን የተባለው የምሥራቅ ጀርመን መሐንዲስ በ1950ዎቹ መጨረሻ ያዳበረው የማርሚታ ዓይነት፣ ማለትም የሚወጣውን ጢስ የግፊት ሞገድ መልሶ ወደ ሲሊንደሩ የሚያንጸባርቀው፣ ባለሁለት ምት ሞተሮችን ከቀድሞው እጅግ አበረታ። በ1961 የእርሱ 125 ሲሲ ሞተር 25 የፈረስ ጉልበት ሰጠ፤ በሊትር 200 ማለት ነው። ነገር ግን ሞገዱ በሰዓቱ የሚደርሰው በጠባብ የፍጥነት ክልል ውስጥ ብቻ ነው። ከዚያ በታች ሞተሩ ይታፈናል። እንጨት ቆራጭ የሚፈልገው ተቃራኒውን ነው፤ ሰንሰለቱ ግንዱ ውስጥ ገብቶ ሲከብደው ሞተሩ ፍጥነቱን እየቀነሰ ጉልበቱን እንዳይቀንስ።

ለእኛ አካባቢ የተለየው ጥያቄ ከፍታ ነው፤ በዚህ ላይ ሰፋ አድርጌ መጻፍ እፈልጋለሁ። አርባ ምንጭ ከባሕር ወለል በላይ በ1,285 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ገረሴን የመሰሉት የጋሞ ደጋዎች ከዚያ እጅግ ይርቃሉ። በመደበኛው የከባቢ አየር ስሌት በ1,285 ሜትር ላይ ያለው አየር በባሕር ወለል ካለው በ12 በመቶ ይሳሳል፤ በ2,300 ሜትር ላይ ደግሞ በ20 በመቶ። ሞተር የሚተነፍሰው ኦክስጅን በዚያው መጠን ስለሚቀንስ 15 የተባለው የፈረስ ጉልበት ደጋ ላይ 12 ይሆናል። ይህ የታወቀ ነገር ነው። ብዙም የማይነገረው የካርቡራቶሩ ጉዳይ ነው። አየሩ ሲሳሳ ነዳጁ በዚያው ልክ አይቀንስም፤ የነዳጁ ፍሰት የሚከተለው የአየሩን ጥግግት ሳይሆን ስኩዌር ሩቱን ነው። በመሆኑም አርባ ምንጭ ላይ የተስተካከለ ካርቡራቶር ደጋ ሲወጣ ነዳጅ ይበዛበታል፤ ያጨሳል፣ ይታፈናል፤ ጉዳቱ ግን ቀላል ነው። ደጋ ላይ በልኩ የተስተካከለ መጋዝ ወደ ቆላ ሲወርድ የሚሆነው ግን ሌላ ነው። ከ2,300 ሜትር ወደ 1,285 ሜትር ሲወረድ ድብልቁ በነዳጅ በኩል በ5 በመቶ ገደማ ይሳሳል። ለተራ መጋዝ 5 በመቶ ይታለፋል፤ በጫፍ ላይ ለተስተካከለ የውድድር ሞተር ግን ሙቀቱን አንሥቶ ፒስተኑን የሚያናክስ ልዩነት ነው። ነዳጅ ደግሞ በባለሁለት ምት ሞተር ውስጥ ዘይቱንም ተሸካሚ ነው፤ ነዳጅ ሲያንስ ቅባቱም አብሮ ያንሳል። አንድ መጋዝ ጠዋት ደጋ፣ ከሰዓት በኋላ ቆላ በሚሠራበት አገር ይህ ጥያቄ ብቻውን ለአንድ የማስተርስ ጽሑፍ ይበቃል። ስለ ዘይቱ ካነሣን አይቀር፣ የውድድር ሞተሮች ለረዥም ዘመን የተቀቡት በጉሎ ዘይት ነው፤ የትውልድ ቦታው ምሥራቅ አፍሪካ እንደሆነ የሚነገርለትና በየጓሯችን ዳር ሳንዘራው የሚበቅለው ያው ጉሎ።

እስካሁን የተነሡት ችግሮች ሁሉ በመልካም ንድፍ የሚፈቱ ናቸው፤ ቆርቆሮ ይቀጠቀጣል፣ ማራገቢያ ይጨመራል፣ ካርቡራቶር ይስተካከላል። በንዝረት ላይ ግን ነገሩ ይለወጣል። ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር ፈጽሞ ሚዛኑን ጠብቆ አይዞርም፤ የሚያወጣው ንዝረት በፍጥነቱ ስኩዌር ልክ ይጨምራል። ከ7,500 ወደ 10,000 ዙር መውጣት ብቻውን የሚያናውጠውን ኃይል ወደ 1.8 እጥፍ ያሳድገዋል። አሮጌ መጋዝ ደግሞ መያዣው ከሞተሩ አካል ጋር በቀጥታ በብሎን የታሰረ ነው፤ በመካከል ጎማም ሞላም የለውም። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ በፊንላንድ፣ በብሪታንያና በጃፓን የደን ሠራተኞች ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንዲህ ያሉ መጋዞች የጣትን ደም ሥርና ነርቭ እንደሚጎዱ አሳይተዋል። ጣቶች በብርድ ጊዜ ይነጣሉ፣ ይደነዝዛሉ፤ ጉዳቱ ሲቆይ ስሜታቸው አይመለስም። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2002 ያወጣው መመሪያ ለስምንት ሰዓት ሥራ ያስቀመጠው ወሰን በሰከንድ ስኩዌር 5 ሜትር ነው። ንዝረቱ በእጥፍ ሲጨምር የሚፈቀደው ጊዜ ወደ ሩብ ይወርዳል፤ 10 ከሆነ ሁለት ሰዓት፣ 20 ከሆነ ግማሽ ሰዓት ብቻ።

ይህን ወደ ገረሴ እናምጣው። የጋሞ ደጋ ወንድ የአንድ ሙያ ሰው አይደለም። እንሰቱን ይኮተኩታል፣ ገብሱን ያጭዳል፣ ባሕር ዛፍ ሲደርስ ይቆርጣል፤ ብዙዎችም ሸማኔዎች ናቸው፤ አዲስ አበባ ድረስ ሽሮ ሜዳን ያቀናው የዚሁ ደጋ የሽመና እጅ ነው። ሸማኔ ክሩ መላላቱንና መወጠሩን የሚያውቀው በጣቱ ጫፍ ነው፤ ጥለቱን ሲያነሣ የሚመራው ዓይኑ ብቻ አይደለም። ጣቱ የደነዘዘ ሰው መጋዝ መያዝ ይችል ይሆናል፤ ድርና ማግን መለየት ግን አይችልም። ደጋው ጠዋት ጠዋት ብርዳም መሆኑ ጉዳቱን ያፋጥነዋል፤ በጥቁር ቆዳ ላይ ደግሞ የጣት መንጣት ጎልቶ ላይታይ ስለሚችል ሰውየው ወደ ጤና ጣቢያ ከመሄዱ በፊት ብዙ ጊዜ ያልፋል፤ ቢሄድም «ብርድ ነው» ተብሎ የመመለሱ ዕድል ሰፊ ነው። ስለዚህ አንድ መሐንዲስ የመጋዝን ኃይል በእጥፍ አሳደግሁ ብሎ ሲያቀርብ ጠያቂው ማንሣት ያለበት ጥያቄ «መያዣው ላይ ስንት ይለካል?» የሚል ነው። ንዝረት የሚለካ መሣሪያ ውድ አይደለም፤ ዛሬ በእጅ ስልኮቻችን ውስጥ ያሉት ፍጥነት ለኪዎች እንኳ ለመጀመሪያ ግምት ይረዳሉ፤ ለመጨረሻው ልኬት ግን አይበቁም።

ሁለተኛው ጥያቄ፣ ለእኔ ከመጀመሪያው የሚከብደው፣ ያን ሁሉ ኃይል የሚፈልገው የትኛው እንጨት ነው የሚለው ነው። በጋሞ ደጋ ገበሬ የሚሸጠው እንጨት ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ በወጣትነቱ ለምሰሶ፣ ለማገርና ለማገዶ ይቆረጣል፤ ከጉቶው መልሶ ስለሚያቆጠቁጥም እስኪገዝፍ የሚጠብቀው ጥቂት ነው። ለእንዲህ ያለ ግንድ 50 ወይም 60 ሲሲ ያለው ተራ መጋዝ ከበቂ በላይ ነው። ትልቅና ረዥም ምላስ ያለው፣ 100 ሲሲና ከዚያ በላይ የሆነ መጋዝ የሚያስፈልገው ዛፍ ጽድ፣ ዝግባ፣ ኮሶና ወይራ ነው፤ በዚያ ግዝፈት ያሉትም ዛሬ በብዛት የሚገኙት በቤተ ክርስቲያን ቅጥርና የጋሞ አባቶች በወጋቸው ጠብቀው ባቆዩዋቸው የተከበሩ ደኖች ውስጥ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ከእነዚህ ዛፎች የተወሰኑትን ለይቶ ቆረጣቸውን ከልክሎ ነበር። ከአዋጁም በፊት ሆነ በኋላ ግን ዛፎቹን በብርቱ የጠበቃቸው የዱቡሻው ሸንጎ ቃልና የአባቶች እርግማን ፍርሃት ነው። ሌላም ጠባቂ ነበራቸው፤ ድካም። በሁለት ሰው መጋዝ አንድ ትልቅ ዝግባ መጣል ረዥም ጊዜ የሚፈጅ ሥራ ነው፤ ድምፁ ይሰማል፣ ሰው ይደርሳል፣ ሽማግሌ ይጠራል። ድካሙን ወደ ደቂቃዎች የሚያሳጥር መሣሪያ ይህን ጊዜ ያስቀራል። በእጅ የሚያዝ የውድድር ሞተር መጋዝ በገረሴ ቢሠራ፣ እርሱን የሚመጥን እንጨት መቆረጥ የሌለበት እንጨት ብቻ ነው ማለት ነው።

ታዲያ ማዛወር ይቅር ማለት ነው? አይደለም። በሞተር መጋዝ የሚሠራው ሥራ ሁሉ ዛፍ መጣል አይደለም። ከባሕር ዛፍ ጣውላ ማውጣትም አለበት፤ ግንዱን አጋድሞ በቁመቱ መሰንጠቅ፣ ወገብ ጎንበስ ብሎ፣ ጢሱንና ብናኙን እየተነፈሱ ለሰዓታት። ለእጅ ከሁሉ የሚከፋውም ይህ ነው፤ በቁመት መሰንጠቅ አግድም ከመቁረጥ ይልቅ ቀስ ብሎ የሚሄድና ሞተሩን ያለ ዕረፍት በሙሉ ኃይል የሚያሠራ ነውና። ብክነቱም ትልቅ ነው። የመጋዝ ሰንሰለት የሚያነሣው ፍቅፋቂ 8 ሚሊ ሜትር ገደማ ስፋት አለው። 25 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ጣውላ ሲወጣ ከእያንዳንዱ 33 ሚሊ ሜትር ስምንቱ፣ ማለትም ወደ ሩብ የሚጠጋው እንጨት፣ ብናኝ ሆኖ ይቀራል። በዘንግ ላይ የሚሽከረከር ስስ የመጋዝ ጥብጣብ ግን የሚያባክነው 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ከመቶ 7 ብቻ። ዛፉን ለዓመታት ያሳደገው ገበሬ ከሦስት ዛፍ ሳይሆን ከሁለት ተኩል ያንኑ ጣውላ ያገኛል።

የማዛወር ጥበብ መግባት ያለበት እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ሞተሩ ከሰው እጅ ይውጣ፤ በብረት ሐዲድ ላይ በሚንሸራተት ፍሬም ላይ ይቀመጥ፤ ሰውየው ፍሬሙን በዝግታ ይግፋ። ሞተሩ ደግሞ የካርት መሆን የለበትም፤ እርሱን ገረሴ ውስጥ ማን ያገኘዋል? በአርባ ምንጭ መንገዶች ላይ የሚርመሰመሰው ባጃጅ ግን ሲያረጅ ሞተሩን ጥሎልን ይሄዳል። ይህ ሞተር ለዚህ ሥራ የሚሆንበት ምክንያት ከላይ የካርቱን ሞተር የነቀፍሁበት ምክንያት ግልባጭ ነው። ከተሳፋሪው ኋላ ተሸፍኖ ስለሚቀመጥ ነፋስ አይጠብቅም፤ የራሱ ማራገቢያና የራሱ ቆርቆሮ አለው። ጉልበቱ 10 የፈረስ ጉልበት ገደማ ሲሆን የሚሰጠው በደቂቃ 5,000 ዙር አካባቢ ነው። ባለአራት ምት የሆነው ዓይነት ነዳጁን ከዘይት ጋር አይቀላቅልም። የጥብጣብ መጋዝ ምቹ ፍጥነት በሰከንድ ወደ 25 ሜትር ነው፤ 48 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባላቸው ጎማዎች ላይ ይህ በደቂቃ 1,000 ዙር ብቻ ይሆናል። የማርሽ ሳጥኑም በዚህ ላይ እንቅፋት መሆኑ ቀርቶ አጋዥ ይሆናል። መለዋወጫው በየሱቁ አለ፤ የሚጠግነውም ሰው በየማእዘኑ አለ።

በዚህ ሐሳብ ላይ የሚነሣው ብርቱ ተቃውሞ የመሬቱ አቀማመጥ ነው፤ ተቃውሞው እውነት አለበት። የእጅ መጋዝ ወደ ዛፉ ይሄዳል፤ የሐዲድ መጋዝ ግን ዛፉ ወደ እርሱ እንዲመጣ ይፈልጋል። የገረሴን ዳገትና ቁልቁለት ለሚያውቅ ሰው ግንድ ተሸክሞ ወደ መንገድ ማውጣት ምን እንደሆነ መንገር አያስፈልግም። መልሴ ፍሬሙ ተፈታትቶ አራት ሰው በሚሸከመው ልክ መሠራት አለበት የሚል ነው፤ ይህ ደግሞ ብሎንና ዳዶን ከብየዳ የማስቀደም የንድፍ ምርጫ ነው። ሁለተኛው ተቃውሞ ስለት ነው። ሰንሰለትን ማንም ሰው በክብ ሞረድ፣ ጉቶ ላይ ተቀምጦ ይስለዋል። ጥብጣብ ግን ሲበጠስ የሚበየደው፣ ሲዶለዱም የሚሳለው በመሣሪያ ነው፤ የጥብጣብ አቅርቦት ካልተያዘ ማሽኑ በሦስት ወር ውስጥ የዶሮ ማደሪያ ይሆናል። ለዚህ የተሟላ መልስ ያለው በወረቀት ላይ አይደለም፤ ከአርባ ምንጭ የእንጨት ሥራ ቤቶች ጋር በመነጋገር የሚገኝ ነው። ሦስተኛው፣ ዘመኑ የኤሌክትሪክ ነው የሚለው ነው። አገሪቱ በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ ይህ አባባል ክብደት አግኝቷል። በሐዲድ ላይ ያለ መጋዝ ግን ሞተሩን ለመቀየር ከሁሉ የሚቀል ማሽን ነው፤ መስመር የደረሰበት ቀበሌ የባጃጁን ሞተር አውርዶ የኤሌክትሪኩን ይሰቅላል።

ለትምህርት ክፍሎች የማቀርበው ጥያቄ ጠባብ ነው። የካርት ሞተሩንና አሮጌውን መጋዝ የሚያገናኝ ተማሪ ከመጣ አይመለስ፤ ነገር ግን ሥራው በመፈተኛ ወንበር ላይ ታስሮ፣ ከብረት ጋሻ በስተጀርባ ይሁን፤ የሲሊንደሩ ሙቀት፣ የድብልቁ ልክ፣ የመያዣው ንዝረት በቆላና በደጋ ይለካ። እንዲህ ያለ ልኬት ደጋው ላይ ለሚሠሩት ተራ መጋዞች ሁሉ የሚያገለግል ዕውቀት ይሰጣል፤ የካርቱ ሞተር ጥቅሙ ጫፍ ላይ የሚሠራ በመሆኑ ስሕተትን ፈጥኖ ማሳየቱ ነው። የሐዲድ መጋዙ ሥራ ደግሞ ከሜካኒካል፣ ከደን ሀብትና ከሕዝብ ጤና ክፍሎች አንድ አንድ ተማሪ ይፈልጋል፤ ሦስቱ በአንድ ርእስ ላይ ሦስት ጽሑፍ ቢጽፉ የሚከለክል ደንብ ያለ አይመስለኝም። የሚለካውም እንጨት ከሱቅ የተገዛ ደረቅ ጣውላ አይሁን። ገረሴ ላይ፣ ጠዋት ብርዱ ሳይለቅ፣ በዚያው ሳምንት የወደቀ እርጥብ ባሕር ዛፍ፤ መጋዙንም የሚይዘው በዚህ ሥራ የሚተዳደር ሰው፣ ከሥራው በፊትና በኋላ ጣቶቹ ተፈትሸው።